የመሪጌታ ልጅና የሃያ ዘጠኙ ገና

ፈንታው ገብረ ዮሐንስን ረግቶ ሲቀመጥ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ማዕድ ቀርቦለት እንኳ አንድ ጉርሻ በአፉ፣ አንድ እግሩ በደጅ ነው። ስልክ ሲያወራ ግቢውን ይዞራል። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ስለሚያንቀጠቅጠው ሚስቱ ብርቅዬ አንዱን የጠረጴዛ እግር በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ብርቅዬ የኩልመስክ ገበሬ ልጅ ናት፤ ነገር አታድበሰብስም። «ሰው አገባሁ ብዬ ነፋስ አግብቼ!» ትላለች፣ እየሳቀችም እየተናደደችም።

ታዲያ ይህ ነፋስ የማን ልጅ መሰላችሁ? ላሊበላ ውስጥ ከንጋት እስከ ቀትር ከአንድ አግዳሚ ላይ ሳይነቃነቁ በማስተማር የታወቁት የመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ልጅ! መሪጌታ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። ዓመቱ በየትኛው ወንጌላዊ ስም እንደሚጠራ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል አስልተው የሚናገሩ፣ በየዓመቱም መስከረም አንድ ቀን ከካህናቱ መካከል ወጥተው ለሕዝቡ የሚያውጁ እሳቸው ናቸው። ሌላ ሀብት የላቸውም። መሬት የላቸው፣ ከብት የላቸው። «መሪጌታ ካሉ አለቀ» የምትባለው ቃል ናት ንብረታቸው።

ፈንታው ከትንሽነቱ ጀምሮ ከእግራቸው ሥር ነው ያደገው። ሌላው ተማሪ «የኔታ» ሲላቸው እሱም በቤትም በደጅም «የኔታ» ነበር የሚላቸው። ስሌቱ ቶሎ ገብቶት ነበር፤ ከሁሉ ቀድሞ መልሱን ይናገርና «ቀስ በል፣ ሂደቱን አሳየኝ» ይባላል። ታዲያ ዲቁናውንም ቅኔ ቤቱንም ትቶ ኮምፒውተር ሊማር ደሴ የወረደ ዕለት አባትየው አልጮኹም፣ አልረገሙም። «ሂድ አላልኩህም፤ ተመለስም አልልህም» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ሲመለስም በዚያው ግቢ ጎጆ ወጣ፤ በሩ አንድ፣ ቤቱ ሁለት። መሪጌታ በግራ፣ ፈንታው በቀኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አባቱን የሚጠራበት አጣ። «የኔታ» እንዳይል ተማሪነቱን ጥሎ ወጥቷል። «አባባ» እንዳይል ምላሱ አልለመደም። እንዲሁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ደህና አደሩ» ብሎ እየሮጠ ያልፋል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።

የላሊበላ አስጎብኚዎችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች አንድ ማኅበር ነበራቸው። ሊቀ መንበሩ አቶ አዝመራው የሚባል፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ የማረፊያ ቤት ባለቤት ነው። የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠራው ፈንታው ነው። በጁምላ ሠራው፤ ጁምላ ማለት በፒኤችፒ ቋንቋ የሚሠራ፣ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ለማስተናገድ የሚመች ነገር ነው። ታሪኩን ጻፈበት፤ የነአኩቶ ለአብን ዋሻ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ጠበል ሳይቀር ፎቶ አንስቶ ሰቀለበት፤ የካህናቱን ዝማሬ ቀርጾ ጨመረበት። ለሦስት ዓመት ሰው ሲያየው፣ ሲያደንቀው ኖረ።

ኋላ ግን አባላቱ «ፎቶ አይተው የሚያመሰግኑን ምን ይጠቅመናል? እዚያው ክፍል ይያዝልን እንጂ!» አሉ። ደሴ ሰብሌ የምትባል ፕሮግራመር ነበረች፤ ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ፣ አፏም የማይደፈር። የክፍል ማስያዣውን ዶት ኔት በሚባል፣ ከጁምላ በማይገጥም ሌላ መሣሪያ ሠራችው። አምጥታ ስታሳይ ሁሉም አጨበጨበ።

«እንግዲህ ያን አሮጌውን ጣሉት» አለች ሰብሌ። «እኔ ሁሉንም በዚህ ላይ አዲስ አድርጌ እሠራዋለሁ። ሁለት ዓይነት ነገር በአንድ ሰርቨር ማስኬድ ትርፉ ራስ ምታት ነው።»

ፈንታው ከወንበሩ ተነሳ፤ መቼም ቁጭ ብሎ አይናገርም። «ለምን ይጣላል? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም? ሁለቱም በአንድ አድራሻ አብረው ይሠራሉ። እኔ አሠራቸዋለሁ።»

«ለአፍ ዳገት የለውም» አለች።

«ታያለሽ!»

ልቡን የያዘው ባላው አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር። አሮጌው ላይ የአባቱ ድምፅ ነበረበት። ብርቅዬ ናት ያንን ያመጣችው። እሱ ደፍሮ ባይጠይቅ እሷ መቅረጫውን ይዛ ገብታ፣ «አባ፣ ይህ ትምህርትዎ ከተማሪ ቤት ወጥቶ ዓለም ይስማው» ብላ ብትለምናቸው፣ መሪጌታ ስለ ባሕረ ሐሳብ ምንነት ተናገሩ። የገናውን ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉንም፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው ዘመሩላት። ፈንታው ያንን ከፎቶግራፋቸው ጋር አንድ ገጽ ሠርቶ አወጣው። በገጹ ግርጌ የየዓመቱ በዓላት ቀን ተደርድሯል። ከላይ በጉልህ «በመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ» ይላል። በዓላቱን ግን ራሱ ነው የሞላው፤ በጥድፊያ፣ በቃሉ። ገና፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። ማን ይህን አጥቶት! ለመጠየቅ ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነበር የሚበቃው፤ አላቋረጠም።

ያንን ክረምት በሙሉ ሁለቱን ሲያስማማ ከረመ። ነገሩ እንደዚያው እንደ ግቢያቸው ነው። በሩ አንድ፣ ቤቱ ሁለት። ከበሩ ላይ ዘበኛ የሚሆን ፕሮግራም አቆመ፤ ታሪክ ብሎ የመጣውን ወደ አሮጌው፣ ክፍል ብሎ የመጣውን ወደ አዲሱ ይመራል። እንግዳው ግን አንድ ቤት የገባ ይመስለዋል። ወሬው ቀላል ነው፤ ሥራው ግን አያድርስ! አንደኛው የሰርቨሩን ጉልበት ሲጠጣ ሌላው ይሰንፋል። አሮጌው ላይ ስሙን አስመዝግቦ የገባ ሰው አዲሱ ላይ ሲሻገር «አንተ ማነህ?» ይባላል። አንዱን ሲጠግን ሌላው ይወድቃል፤ ይህንን ሲያነሳ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ መስመሩ የለም። ፈንታው ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መስመር ወዳለበት ሽቅብ ሲሮጥ፣ የሰፈሩ ሰው «ምነው፣ ቤቱ ተቃጠለ?» ይባባላል።

ሲጨርስ ግን ጨረሰ። በመጨረሻ የጨመራት ነገር በጣም ኮራባት። አሮጌው ቀን የሚጽፈው በኛ አቆጣጠር፣ አዲሱ በፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው መልእክተኛ አደረገ። አዲሱ «ገና መቼ ነው?» ሲል መልእክተኛው ከአሮጌው የመሪጌታ ገጽ ላይ ቀኑን ያነባል፣ ወደ ፈረንጅ ይለውጣል፣ ያቀብላል። አዲሱም ለእንግዳው «የገና ዋዜማ ይህ ቀን ነው፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ክፍል ይያዙ» ይላል። ሰብሌ እንኳ በስልክ አይታ፣ «እሺ፣ አሁንስ አፍህን እግርህ ተከተለው» አለችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ግን ማንም አላስታወሰውም።

የገና ሰሞን ሆነ፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ አራት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፈንታው ቆሞ ዳቦ እየገመጠ ስክሪኑን ያያል። የተያዘው ክፍል ብዛት ልቡን አሙቆታል። ብርቅዬ ከውጭ ገባችና፣ «ቅዳሜ ለገና እናቴ ከኩልመስክ ትመጣለች፤ መኝታ አዘጋጅ» አለችው።

«ገና እሑድ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ምን?»

«እሑድ። ይኸው፣ ይላል።»

ብርቅዬ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ዘንድሮ እኮ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና በሃያ ስምንት አይደል? የመሪጌታ ልጅ ሆነህ!»

ዳቦው ከእጁ ወደቀ።

ይህን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት የሚገባው ዓመት ዮሐንስ ነው፤ በዮሐንስ ገና አንድ ቀን ይቀድማል። እሱም ያውቃል፤ በልጅነቱ እንደ ውዳሴ ማርያም ደግሞታል። መስከረም አንድ ቀን አባቱ ሲያውጁ «ዘመነ ዮሐንስ» ሲሉ በጆሮው ሰምቷል፤ ግን ሰርቨሩ ወድቆበት በስልክ እየተሟገተ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ብሎ ከጻፈ ወዲህ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ አለፉ፤ ሦስቱም ትክክል ሆኑለት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይኼ ነው! አሮጌው ሃያ ዘጠኝ አለ፣ መልእክተኛው በታማኝነት ለወጠው፣ አዲሱም በታማኝነት ተቀበለ። ይኸው እንግዳው ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት ሊገባ፣ ዋዜማውን ቅዳሜ ሊያድር ክፍል ይዟል። በዓሉ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያበቃል።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ነገር መጣበት፤ ይኼኛው የባሰ ነው። ገጹን ከፈተው። የአባቱ ፎቶግራፍ፤ ነጭ ጥምጥማቸው፤ «በመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ»። ከሥሩ፣ ሃያ ዘጠኝ።

«ወይኔ!» አለ። «ወይኔ፣ ጉድ ሠራኋቸው!»

ቀኑን አስተካከለ። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ነው ያስተካከለው። ሰብሌ ጋ ደወለ።

«ጥፋቱ ከእኔ ነው ካንተ?» አለች ሰምታ ስትጨርስ።

ካንቺ ነው ቢል ማን ያውቃል? አዲሱ ነው እሑድ ያለው፤ ሰው የሚያየው አዲሱን ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ከእኔ ነው» አለ።

«እንግዲያው ሩጥ። ሩጫ እንደሁ ታውቅበታለህ። እኔ የያዙትን ሁሉ ቀናቸውን አርብ አድርጌ መልእክት እልክላቸዋለሁ፤ አንተ ማደሪያ ፈልግ።»

ማደሪያ! ለገና ላሊበላ ውስጥ ማደሪያ! አገር ምድሩ በእግሩ የሚመጣበት ሰሞን ነው፤ ሜዳው ሁሉ ምእመን አርፎበታል። ፈንታው አቶ አዝመራው ዘንድ ሮጠ፤ «የገናው ቀን በድረ ገጹ ላይ ተሳስቷል፤ እንግዶቹን ከአርብ ማስገባት አለብን» አለው።

«ማነው ያሳሳተው?» ብሎ ጮኸ አዝመራው።

«ኋላ እነግርሃለሁ፤ አሁን አልጋ ስጠኝ!» ብሎ ወጣ። ኋላ ያለው ነገር ኋላ ቀረ። ረቡዕም ሐሙስም ከቤት ቤት ሲዞር፣ «አንድ ክፍል፣ ኧረ ስለ ማርያም፣ አንድ ፍራሽ» ሲል ዋለ። ከራሱ ቤት አልጋ አወጣ፤ ብርቅዬ እናቷን ከደጅ እንግዳ ጋር መሬት ልታስተኛ ሆነ። በወጣ በገባ ቁጥር የአባቱን በር ያያል። ልንገራቸው? ምን ብዬ? «እ... ደህና አደሩ፣ ስምዎን አዋረድኩት» ይባላል? እያለ ያልፋል። ሐሙስ ዕለት መሪጌታ ደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩትና፣ «ምግብ በልተሃል?» አሉት። እንዲህ ጠይቀውት አያውቁም። «በልቻለሁ» አለ፤ አልበላም ነበር፤ ሮጠ።

አርብ ጠዋት የላሊበላው መንገድ ወደሚገነጠልበት ወደ ጋሸና ሄደ። በደሴ በኩል በመኪና የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፤ መልእክቱ ደርሷቸው ፈጥነው ተነስተዋል፤ ነገር ግን ከጋሸና ወዲህ የሚያመጣቸው የለም። የተከራየው መኪና ሾፌር አብዱልሀሚድ የሚባል የወልድያ ሰው ነው፤ ፈንታው ከመኪናው ወርዶ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ሲቅበዘበዝ አይቶ፣ «አብሽር ወንድሜ! መንገድ ላይ ያለ ሰው ቆመህም ሮጠህም ይመጣል፤ ና ቁጭ በል» አለው።

«መቀመጥ አልችልም።»

«ምነዋ፣ ታመሃል?»

«አባቴን አሳጥቼያለሁ» አለ ፈንታው። ለማያውቀው ሰው አፉ ተፈታ፤ ሁሉንም ዘረገፈለት።

አብዱልሀሚድ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ላሊበላ ሄደህ ለሳቸው የምትለውን ለእኔ ጋሸና ላይ ብትለኝ ምን ያደርግልኛል?» አለው።

እንግዶቹ መጡ፤ ተጫኑ፤ አቧራውን እየጠጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ላሊበላ ገቡ። ከአንዲት ሴት በቀር በማኅበሩ በኩል ክፍል የያዘው ሁሉ ገብቷል። እሷ መስመር በሌለበት፣ በአክሱም በኩል በመኪና እየመጣች ስለሆነ መልእክቱ አልደረሳትም። ፈንታው ትንሽ እፎይ አለ። አቶ አዝመራው ከበሩ ላይ ተቀበለው፤ ፈንታው ለቁጣ ራሱን አዘጋጀ። አዝመራው ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ። ጎበዝ ነህ፤ አተረፍከን። ማክሰኞ እኮ አብጄ ነበር። ገጹን ብከፍተው የመሪጌታ ስም! ሄጄ ጠየቅኳቸው። ‹እኔ ነኝ ያልኩት፤ እርጅና ነው፤ ልጁ የነገርኩትን ነው የጻፈው› አሉኝ። ምን ይደረግ፣ ማርጀት ክፉ ነው። ካህናቱም ሰምተው አዝነዋል። በስማቸው ዘመን፣ ገብረ ዮሐንስ በዮሐንስ ተሰናከሉ እያለ የሚቀልድም አልጠፋም። ለመስከረሙ አዋጅ ሌላ ሰው ይታሰብ ተብሏል።»

ፈንታው ከአዝመራው ደጅ ዞሮ ወጣ። ማክሰኞ! እሱ ፍራሽ ሲለምን፣ እሳቸው ደጃቸው ተቀምጠው ሲያዩት፣ «ምግብ በልተሃል?» ሲሉት፣ ሁሉን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ንብረታቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ለእሱ ሰጡበት። እንባው መጣ፤ ተቆጣ፤ በማን እንደተቆጣ ግን አያውቅም። እየሮጠ ግቢያቸው ገባ። ቤቱ ተዘግቷል፤ መሪጌታ ለዋዜማው ማሕሌት ሄደዋል። ደስ አለው፤ ደስ በማለቱ ደግሞ ራሱን ጠላ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ማርያምን በከበበው የዓለት ጠርዝ ላይ ካህናቱ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ተዘመረ። ከላይ የቆሙት እንደ መላእክቱ፣ ከታች ያሉት እንደ እረኞቹ ሆነው ይቀባበላሉ፤ ከሕዝቡ ብዛት ጠጠር መጣያ የለም። ፈንታው አባቱን ፈለገ። በየዓመቱ ከጠርዙ ላይ፣ ከፊት ነው የሚቆሙት። ዘንድሮ ከፊት የሉም። ዓይኑ ሲባዝን ቆይቶ ከኋለኛው ረድፍ፣ ከወጣቶች ትከሻ በላይ የጥምጥማቸውን ጫፍ አየ። ማን ወደ ኋላ እንዳደረጋቸው፣ ራሳቸው ይሁኑ ሌላ፣ አይታወቅም። እንግዶቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ እልልታው ይቀልጣል፤ እሱ ግን ከዚያች የጥምጥም ጫፍ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

አቶ አዝመራው በየዓመቱ የገና ዕለት ካህናቱንና የማኅበሩን አባላት ግቢው ውስጥ ያበላል። ያን ዕለትም ሁሉም ተሰብስቧል። መሪጌታ ከጥጉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰዎች ሲያልፉ ለበሽተኛ እንደሚደረገው «እንደምን ዋሉ» ይሏቸዋል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ፈንታው ሳህን ይዞ ይዞራል፤ አያስተናግድ፣ አይበላ።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተና ያቺ የቀረችው እንግዳ ገባች፤ ፀጉሯ የነጣ፣ መንገድ ያጎሳቆላት ፈረንጅ ሴትዮ ናት። አስጎብኚው ከኋላዋ አለ። ዓይኗ ግቢውን ሲቃኝ መሪጌታ ላይ ደረሰና ፊቷ በራ። በደረቷ ላይ እጇን አድርጋ እጅ ነሳች፤ አንድ ነገርም ተናገረች።

«ድምፅዎን በድረ ገጹ ሰምታ ነው የመጣችው» አለ አስጎብኚው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ቤዛ ኩሉ ዛሬ ማታ ነው ወይስ ነገ ጠዋት እያለች ትጠይቃለች።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው ሴትዮዋ ፊት ቆሙና ጥምጥማቸው እስኪያዘነብል ጎንበስ አሉ።

«አልፏል በላት፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አርጅቼ ቀኑን አሳስቼ ነው። ይቅር ትበለኝ በላት። ዝማሬ አያልቅም፤ ተቀምጣ እህል ትቅመስና እኔው እዘምርላታለሁ።»

ፈንታው ሳህኑን ጣለው።

«አይደለም!» አለ። «እሳቸው አይደሉም! ሃያ ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን ከላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አንድም ቀን እንዲህ አላሉም!»

«ተቀመጥ» አሉ መሪጌታ፣ ሳይዞሩ። «ነግሬው ነው የጻፈው። ልጄ ስለሆነ ሊሸፍነኝ ነው።»

«እንግዲህ ማንኛችሁን እንመን?» አለ አዝመራው።

«መቼ ነገሩኝ?» አለ ፈንታው። «እስቲ እዚህ ካህናቱ ፊት ይናገሩ። ገና በስንት ይውላል ብዬ መቼ ነው የጠየቅኩዎት? ባንድ በር እየገባሁ፣ ባንድ በር እየወጣሁ፣ ስለምን ነገር ጠይቄዎት አውቃለሁ?»

መሪጌታ ያን ጊዜ ዞሩ። ብዙ አዩት። ውሸት የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ያችን አንዲቷንም በጭንቅ ነው የተናገሯት።

«አልጠየቅኸኝም» አሉ። «ስምንት ዓመት በደጄ ስታልፍ አንድ ቀን ቆመህ አልጠየቅኸኝም።»

ከካህናቱ አንዱ «አቤት!» አለ፤ ሌላው አፉን በነጠላው ሸፈነ። የመሪጌታ ስም ያን ጊዜ፣ እዚያው ግቢ መሐል ተመለሰ። ፈንታው ግን ያንን ልብ አላለውም። በእሳቸው እግር ሥር ከተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀመጠ፤ ልክ በልጅነቱ እንደሚቀመጠው፣ እግሩን አጣጥፎ። ብርቅዬ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችው፤ ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም።

«የኔታ» አለ። «የከርሞው ገና በስንት ይውላል?»

መሪጌታ ወደ አግዳሚያቸው ተመልሰው ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አስላው» አሉት። «ቀስ ብለህ። ሂደቱን አሳየኝ።»

«አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመነ ብሉይ፣ ሁለት ሺህ አምስት ዘመነ ሐዲስ፤ ሲደመር ሰባት ሺህ አምስት መቶ አምስት። ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ ነው፣ የኔታ።»

«በማቴዎስ በስንት ይውላል?»

«በሃያ ዘጠኝ።»

«እሱን ጻፍ» አሉ መሪጌታ፤ ከዚያም ለሴትዮዋ ወንበር እንዲሰጧት በእጃቸው አመለከቱ።